እማሆይ የተባለችው ዶሮ

አንዲት ሴት ዶሮ ታረባ ነበር።

ምነው ሣቃችሁ? ዶሮ ስል ወጡ ትዝ አላችሁ? ጾም ላይ ነን እኮ! እኔ የጠራሁት ጆሮአችሁን ነው፤ ሆዳችሁ ይቆይ።

ሴትየዋ ሞጆ ነው የምትኖረው። ዘርትሁን እንበላት። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት የማያድርበት ይበልጣል። ስለዚህ ደስታዋ ጓሮዋ ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ነበሩ። አሮጌ ዶሮዎች ናቸው። ቆጡን ያውቃሉ፣ ጓሮውን ያውቃሉ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚበላ ድሮ ተጣልተው ጨርሰዋል። አለቃቸው አንዲት ገብስማ ናት። እሷ ሳትጠግብ ማንም ሳፋው አጠገብ ድርሽ አይልም።

አንድ ቀን ዘርትሁን ከገበያ ላባቸው ገና ያልሞላ ጫጩቶች ገዝታ በካርቶን ይዛ መጣች። ደስ ብሏታል። ምን አደረገች? ሳፋውን በመኖ ሞላች፣ ውሃ ቀዳች፣ ጫጩቶቹን አሮጌዎቹ መሃል ዘረገፈቻቸውና «በሉ ተዋወቁ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ተዋወቁ! ደግ ትውውቅ ነዋ!

ገብስማዋ የመጀመሪያዋን ጫጩት በአንገቷ ይዛ አንከባለለቻት። ሌሎቹ ይህን ሲያዩ አይዟችሁ የተባሉ ይመስል ተከትለው ገቡበት። አንዷ ስትነቁር ሌላዋ ታሯሩጣለች፣ ሌላዋ ደግሞ ሳፋውን ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ አጥሩ ጥግ ሄደው ላይ በላይ ተደራርበው ቆሙ። ዘርትሁን በመስኮት አየች፤ አየችና «ግድ የለም፣ ይለማመዳሉ» አለች።

ወገኖቼ፣ እኔ ይቺን ቃል እጠላታለሁ። ይለማመዳሉ! ማን ነው የሚለማመደው? ምኑን ነው የሚለማመደው? ነቋሪዋ መንቆር ትለማመዳለች፣ ተነቋሪዋ መነቆር ትለማመዳለች፣ በመስኮት የቆመውም ማየት ይለማመዳል። ሌላ ምን ልምምድ አለው?

በማግስቱ ሳፋው ሙሉ ነበር። ከዚያም በኋላ ሙሉ ነበር። ዘርትሁን መኖ አልነፈገችም፣ ይህን አልክድባትም። ግን አንዷ ጫጩት ከሞላ ሳፋ አንድ ክንድ ርቃ በረሃብ ሞተች። ዘርትሁን ስታነሣት ላባ ብቻ ሆና ቀለለቻት። እስቲ ንገሩኝ፣ መኖ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል? ይሞታል! መኖ መኖሩ ብቻውን ማንን አጠገበ?

ሌላዋ ደግሞ ነጭ ነበረች። አናቷ ተልጦ ደም ወጣው፤ በነጭ ላይ ደም እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ዶሮ ደም ካየች አታቆምም። ደሙን እያየች ትነቁራለች፣ ስትነቁር ይደማል፣ ሲደማ ሌላው ይጠራል። በመጨረሻማ በአንድ ካርቶን አብረዋት የመጡት፣ ያው እንደሷ ሲነቆሩ የዋሉት ጫጩቶች እንኳ ይነቁሯት ጀመር። እግዚኦ ነው!

ያን ጊዜ ዘርትሁን ደሟ ፈላ። መጥረጊያ አንሥታ ወጣች። «አንቺ አረመኔ! አንቺ የማትጠግቢ!» እያለች ገብስማዋን በጓሮው ዙሪያ አሯሯጠቻት። ነጯን አንሥታ ወደ ቤት ይዛ ገባች። ቁስሏን አጥባ ጂቪ፣ ያንን ወይን ጠጅ መድኃኒት፣ ቀባቻት፣ አልጋዋ ሥር በካርቶን አስተኛቻት፣ ፍርፋሪ በጣቷ እየፈተፈተች አበላቻት።

ጎረቤቷ ባዩሽ ልትጠይቃት ስትመጣ ከካርቶኑ ውስጥ ወይን ጠጅ የሆነ አናት ብቅ አለ። «ውይ በሞትኩት!» ብላ ሣቀች። «ቆቧን ደፍታለች እኮ! እማሆይ በያት።»

ስሙ ጸደቀ። እማሆይ ተባለች። እውነተኞቹ እማሆዮች ይቅር ይበሉኝና።

ባዩሽ ግን ሥቃ ብቻ አልሄደችም። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብሎ መቀላቀል አለ እንዴ?» አለቻት። «መሃላቸው መረብ ዘርጊ። ይተያዩ፣ አይነካኩ። መኖውን ለየብቻ አድርጊ። ትንንሾቹ ብቻ የሚሾልኩባት ቀዳዳ ተዪላቸው፣ ሲያባርሯቸው የሚገቡበት ይኑራቸው። ሲያድጉ ታነሺዋለሽ።»

ዘርትሁን እንደተባለችው አደረገች። ገብስማዋ በመረቡ ላይ እየዘለለች ስትፎክር ሰነበተችና ደከማት። ጫጩቶቹ አደጉ። አንድ ቀን መረቡ ተነሣ፣ ሁሉም ከአንድ ሳፋ በሉ። እማሆይም ዳነች፤ ቄብ ሆነች፣ እንቁላል ጣለች። አናቷ ላይ ግን ላባ አልበቀለም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይላችሁ ነበር። «እንዴት ያለ መልካም ምሳሌ ነው» እያላችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዱ ነበር። አልጨረስኩም።

ዓመት ዞረ። ገብስማዋ ለፋሲካ ታርዳለች፣ የቀሩትም አሮጌዎች ተራ በተራ ሄደዋል። ጓሮው የነእማሆይ ሆኗል። ዘርትሁን አሁንም ጫጩት ገዛች። መረቡስ? መረቡ ተጠቅልሎ ጓዳ ተቀምጧል። አላወጣችውም። ምን አለች መሰላችሁ? «እነዚህማ ደርሶባቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያዝኑላቸዋል» አለች። ካርቶኑን ከፍታ አዲሶቹን መሃላቸው ለቀቀች።

ማን ነው ቀድሞ የሮጠው? እናንተ ንገሩኝ። ገብስማዋ ሞታለች፤ ማን ቀረ?

እማሆይ ናት! አልጋ ሥር ያደገችው፣ በጣት ፍርፋሪ የበላችው፣ ያቺ መላጣ! ዘርትሁን ሮጣ እስክትደርስ ድረስ አንዷን ጫጩት ገድላ ሁለተኛዋን ይዛለች።

ዘርትሁን በሁለት ክንፏ አንጠልጥላ አነሣቻት። «አንቺ ነሽ?» ብላ ጮኸች። «ሌላዋ ብታደርገው ይሁን! በአንቺ ላይ ደርሶ የለም ወይ? አናትሽን ልጠው ደምሽን አላፈሰሱትም ወይ? ማን ደረሰልሽ? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?» እያለች ሰፈሩን አናወጠችው።

ባዩሽ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ዘርትሁን፣ ተይ። ዝም በይ።»

«ምን ዝም እላለሁ! አላየሽም ያደረገችውን?»

«አይቻለሁ። የምትዪውን ስሰማ ግን አፈርኩ። ለአንቺም ለእኔም አፈርኩ። ለኪዳነ ምሕረት ያቺን ልጅ፣ ትርሲትን፣ ያባረርናት እኛ አይደለንም?»

የትርሲትን ነገር ልንገራችሁ። ዘርትሁን ሞጆ የመጣችው በሙሽርነት ነው፤ አገሯ ሌላ ነው። መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን ድግስ ልታግዝ ማዕድ ቤት የገባች ቀን፣ የዚያን ጊዜዋ የማዕድ ቤት አለቃ እጇን አይታ «በእናንተ አገር ሽንኩርት እንዲህ ነው እንዴ የሚከተፈው?» አለቻት። ሴቶቹ ሣቁባት። ዘርትሁን ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ቆየች፣ ቻለች፣ ዛሬ አለቃዋ እሷ ናት። ማንኪያው ያለ እሷ ፈቃድ ድስት አይገባም። በዚህ ዓመት የኪዳነ ምሕረት ዕለት ትርሲት የምትባል ልጅ፣ ለከተማው አዲስ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ማዕድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ «ላግዛችሁ?» አለች። ዘርትሁን ቢላዋ ሰጠቻት፣ እጇን አየች፣ ከዚያ ምን አለቻት?

ያንኑ ነዋ! ቃል በቃል! «በእናንተ አገር ሽንኩርት እንዲህ ነው እንዴ የሚከተፈው?»

ሴቶቹ ሣቁ። ባዩሽም ሣቀች። ትርሲት የያዘችውን ሽንኩርት ጨርሳ፣ ቢላዋውን አጥባ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም።

ዘርትሁን መጀመሪያ በባዩሽ ላይ ተቆጣች። «ከዶሮ ጋር አስተካከልሽኝ!» አለቻትና ጀርባዋን ሰጥታ ገባች። ቤት ገብታ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ያ የእንጨቱ ክምር ፊቷ ድቅን አለባት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ እንደተቆጣች፣ በማን ላይ እንደተቆጣች እንኳ ሳትለይ፣ ትርሲት ቤት ሄደች።

ትርሲት በሩን ስትከፍት ደነገጠች። «እትዬ ዘርትሁን! ይግቡ፣ ይግቡ» ብላ ያለቻትን አንዲት ወንበር ጠርጋ አቀረበችላት።

ዘርትሁን አልተቀመጠችም። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር በይኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትዬ። ቂም የለኝም።»

ዘርትሁን እፎይ አለች። አያችሁ፣ እንዴት ቶሎ ነው እፎይ የምንለው! «እንግዲያስ እሁድ ነይ» አለቻት። «እኔ ራሴ ከጎኔ አደርግሻለሁ፣ ማንም አይናገርሽም።»

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«ይቅር ብያለሁ አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። ግን ልንገርዎት። ያን ዕለት የመጣሁት ሽንኩርት አምሮኝ አልነበረም። እናቴ የሞተችብኝ በዚያው ሰሞን ነው። አገሯ ሩቅ ነው፤ ሳልደርስ ቀበሯት። እዚህ ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው የለኝም፣ ማንን አውቃለሁ? ቤተ ክርስቲያን ብሄድ፣ ሴቶች መሃል ብገባ፣ አንዷ እንኳ ‹ማን ሞተብሽ?› ትለኛለች ብዬ ነው። ጥቁር ሻሽ አስሬ ነበር። ነጠላዬም ጥቁር ነበር። ያን ሁሉ ሴት ሆናችሁ አላያችሁኝም?»

ዘርትሁን ለማስታወስ ሞከረች። የሽንኩርቱ አከታተፍ ትዝ አላት። ሻሹ ትዝ አላላትም።

«አልቅሼም ነበር እኮ» አለች ትርሲት። «ሽንኩርቱ ነው ብላችሁ ሣቃችሁ።»

ዘርትሁን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ያን ቀን መለቀስ የነበረበትን ለቅሶ አለቀሰች። ትርሲትም አብራት አለቀሰች። እሁድ ግን አልመጣችም። ዛሬም አልመጣችም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። «ዘርትሁን ያላት ማንን ነው?» እያላችሁ ወደ ሴቶቹ ወገን አትዙሩ! ወደ እኔ! ሞጆ ብያለሁ፣ ሞጆ። እዚህስ? እዚህ ማዕድ ቤት የለንም? እዚህ ሽንኩርት አይከተፍም?

ወንዶችስ፣ ምን ያሣቃችኋል? በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ አንድ ወጣት ሊናገር እጁን ቢያወጣ «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» ያላችሁት እነማን ናችሁ? ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ «ወጣት ነው፣ ይለማመዳል» ያላችሁትስ? ምን እንዲለማመድ ነው? መቅረትን?

ቅዳሴው አለ ትላላችሁ፣ ስብከቱ አለ፣ ማዕዱ አለ፣ ደጁ ክፍት ነው ትላላችሁ። አለ! ሳፋው ሙሉ ነው! ሳፋው አጠገብ የቆመው ማን ነው? ማንን ነው የሚያባርረው?

ከእናንተ መካከል እዚህ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ስንት ሰው ነው? አብዛኞቻችሁ እኮ በካርቶን የመጣችሁ ናችሁ! በአነጋገራችሁ ተሥቆባችኋል፣ በአለባበሳችሁ ተሥቆባችኋል፣ ከጀርባ ቆማችሁ አልቅሳችኋል። አናታችሁን ዳስሱት፣ ጠባሳው አለ። የተወጋ አይረሳም? እውነት ነው፣ አይረሳም። ግን ያልረሳ ሁሉ አዘነ ማለት አይደለም። ተራውን ሲጠብቅ የኖረም አለ። «እኔም ችዬ ነው ያለፍኩት፣ እሷም ትቻል» የምትሉት ምንድን ነው? ይህ የክርስቲያን ቃል ነው? የዶሮ ቃል ነው!

መረብ የሚዘረጋው እግዚአብሔር ከሰማይ ወርዶ አይደለም። አዲስ ሰው ስታዩ «ነይ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ሁኚ» በሉ፣ ያ መረብ ነው። ጎረቤታችሁ ልትናከስ አፏን ስትከፍት «ተይ!» በሏት፣ ያም መረብ ነው። ባዩሽ እንኳ ዘግይታ ነው ያለችው። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ብትለው ኖሮ ትርሲት ዛሬ ወገን ነበራት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በሩ አጠገብ ግንቡን ተደግፋ የምታስቀድስ፣ ሕፃን የምታዝል አንዲት እኅት ነበረች። ሁላችሁም አይታችኋታል። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ዞራችሁ ስትገላምጧት እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ከጥምቀት ወዲህ የለችም። ስለሌለች አላሳፍራትም። ስሟን የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

ከፍ አድርጉት እንጂ፣ ልየው።

አንድም እጅ የለም። ዛሬ ማንም ሰው ቤቷን ፈልጎ ሳያገኝ ምሳውን እንዳይበላ።