ግምገማ የቀረለት በረኛ

አንድ በረኛ ነበረ። የአንዲት ትንሽ ወረዳ ከተማ ቡድን በረኛ። እሁድ ከሰዓት በገዛ ሜዳቸው አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ያቺም አንዲት ጎል፣ ወገኖቼ፣ የጎል ወግ የላትም። ከመሀል ሜዳ እየተንከባለለች መጥታ በሁለት እግሮቹ መሀል ሾልካ ገባች።

ሕዝቡ ምን አለ? ሕዝብ ምን ይላል! «ጓንቱን ለግንበኛ ስጠው!» አለ አንዱ። «ላጲሶ! እግርህን ግጠም እንጂ፣ የኔ ሙሽራ!» አለ ሌላው። ላጲሶ ነው ስሙ።

ሕዝቡስ ይሁን፤ ሕዝብ ይረሳል። ላጲሶን ያስፈራው ሰኞ ጠዋት ነው። በዚያ ቡድን ከሽንፈት ማግስት ግምገማ አለ። ግምገማ ታውቃላችሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁበታል። ተጫዋቾቹ በካምፑ መመገቢያ አዳራሽ ከብበው ይቀመጣሉ፤ ያጠፋው መሀል ይቆማል፤ ሁሉም በየተራ ይወርድበታል። አምና አንድ አጥቂ እንዲህ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ ዳግመኛም ኳስ አልነካም። ያኔ ላጲሶም ተራው ደርሶ ተናግሮበታል።

አሁን የሚቆመው እሱ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ አዲስ ነው፤ ከመጣ ወር አልሞላውም። ሲሸነፍ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ማንም አላየም። ላጲሶ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አዳራሹ ሄደ። ወንበሮቹ ማንም ሳያዝዝ ዙሪያውን ተደርድረዋል።

አሰልጣኝ ሀንዲሶ ገባ። «ምንድን ነው ይሄ? ሰርግ አለ እንዴ?»

«የግምገማ ነው፣ ኮች» አለ አንዱ ተጫዋች።

«ወንበሩን መልሱና ቁርሳችሁን ብሉ። ላጲሶ፣ ጓንትህን ይዘህ ተከተለኝ።»

አለቀ፣ አለ ላጲሶ በልቡ። ጓንቱን ሊቀበለኝ ነው።

ሜዳው ላይ ማንም የለም። አሰልጣኙ ጓንቱን ተቀበለው፤ እውነትም ተቀበለው። ግን ራሱ አጠለቀው! ቦርጩን ይዞ ጎሉ ውስጥ ቆመ።

«የትናንቷን ምታብኝ። ልክ እንደመጣችው።»

«ኮች፣ ይቅርብዎ...»

«ምታ ስልህ!»

መታ። ኳሷ ተንከባለለች፤ ጎሉ ፊት ካለው ጎድጓዳ ስትደርስ ነጠረች፤ በአሰልጣኙ ብብት ሥር ሾልካ ገባች። ደገመ፤ ገባች። በሦስተኛው አሰልጣኙ ተንበርክኮ በደረቱ ያዛት። አቧራውን እያራገፈ፣ እያለከለከ ተነሣ።

«መሬቱ ያነጥራል። እሱ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ ዛሬውኑ እናስደለድለዋለን። ያንተን ጥፋት ልንገርህ?»

«ይንገሩኝ።»

«ጉልበትህን መሬት አላስነካህም። ኳሷን ሳትይዝ ዓይንህ የምትወረውርለትን ሰው ይፈልጋል። ይሄ ስንፍና ነው። ትናንት ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጨዋታ አይቼብሃለሁ።»

እውነት ነው። ላጲሶም ያውቀዋል። አንገቱን ደፋ።

«ቅዳሜ... ማን ይገባል?»

«ማን ይገባል? እኔ ልግባ? አየኸኝ እኮ!»

ላጲሶ ሳቀ። ከትናንት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተጋደመው ነገር ተነሣለት። ተመልሶ አራት ዳቦ በላ። ጓደኞቹ «ምን አለህ?» ሲሉት «ጉልበትህን አስነካ አለኝ» አለ። «ሌላስ?» «ሌላ የለም።»

ቅዳሜ አሸነፉ ወይ ትሉኛላችሁ። እኔ አልጠየቅኩም።

አሰልጣኝ ያጠፋ ተጫዋቹን አይውቀስ ማለቴ ነው? አይደለም! ነገረው እኮ። ስንፍና ነው አለው። ግን የት ነገረው? ማን ፊት ነገረው? ሳይነግረውስ በፊት የት ቆመ?

አንድ ሰው አውቃለሁ። በጉባኤ ፊት ማስታወቂያ ሲያነብ አንድ ቃል ተሳሳተ። ከፊት ወንበር አንዱ የተማረ፣ «ማንበብ የማይችለውን ማን አወጣው?» አለ። ሰው ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ተናጋሪው ረስቶታል። ያ ሰው ግን የተናጋሪውን ክራባት ቀለም ሳይቀር ይነግራችኋል። ወቀሳው ውሸት ነበር? አልነበረም፤ ቃሉን ተሳስቷል። ታዲያ ማንበቡን አሻሻለ? ማይክራፎኑን ነው የተወው።

እናንተስ? ፈተና የወደቀችው ልጃችሁ፣ ጨርቅ አበላሽቶ የቆረጠው ሠራተኛችሁ፣ እየጠበቋችሁ ነው። ነገሩን እንግዳ ሲመጣ ልታነሡት አስባችኋል፣ አይደል? ተዉ። ለብቻ ጥሯቸው። እነሱ በቆሙበት ቆማችሁ እዩት። ከዚያ ጥፋታቸውን ንገሯቸው፤ አታድበስብሱ። ነግራችሁም ጨርሱ፤ ከዓመት ዓመት አታንከባልሉት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያቺ ልጅ ወደ ጓዳ አትሽሽ። ኮቴያችሁን ሰምታ «እፎይ፣ አባዬ መጣ» ትበል።