ከዶሮዋ ሥር የወጣው ብረት

አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ስሟን ብነግራችሁ «የእነ እገሌ አገር ናት፣ እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው» ብላችሁ ነገሩን ከራሳችሁ ላይ ለማውረድ ስለምትቸኩሉ ትቼዋለሁ። በዚያች ከተማ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሸህ ሚስባህ የሚባሉ ኢማም ይኖሩ ነበር። ዒልማቸው ጥልቅ፣ እጃቸው ለምስኪን የተዘረጋ፣ ሐቅን ለማንም ብለው የማያጎድሉ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ግን ነበረባቸው። ሲቆጡ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ነው።

በዚያ ክረምት የሸሁን ቆሽት ያሳረረው ብረት ነበር። የከተማው ሰው ዶሮ ሲያሳቅፍ ከእንቁላሉ ሥር የማጭድ ስባሪ ወይም ምስማር ያኖራል። መብረቅ ሲጮህ እንቁላሉ እንዳይበላሽ ብረቱ ይጠብቀዋል ይላል። ሸሁ በተከታታይ ሦስት ጁምዓ በዚህ ላይ ኹጥባ አደረጉ። የሚያኖረውም የሚገድለውም አላህ ነው፣ የዛገ ማጭድን ከአላህ ጋር ምን አገናኘው፣ ይኼ ወደ ሽርክ፣ በአላህ ላይ ወደ ማጋራት የሚያንደረድር ነገር ነው አሉ። ጀመዓው ራሱን ነቀነቀ። ራሱን እየነቀነቀም ቤቱ ገባና ብረቱን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ ቀበረው። እኛን አታውቁንም?

ከሸሁ ጋር አንድ አጥር የምትጋራ፣ መይሙና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የምትበላውም የምትለብሰውም ከዶሮ ነው። የዚያን ዓመት ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቿን ከነአውራው ፈጀባትና አንዲት ገብስማ ዶሮ ብቻ ቀረቻት። መይሙናም አውራ ዶሮ ያላቸውን ዘመዶቿን ሰፈር ለሰፈር ዞራ አሥራ ሦስት እንቁላል ለቃቀመች፣ በጋን ስባሪ ውስጥ ጭድ ጎዘጎዘችና ገብስማዋን አሳቀፈቻት። ይህ ካልተፈለፈለ ሌላ ዘር አልነበራትም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን መይሙና እህል ልታስፈጭ ሄዳለች። ሸሁ ለዐስር ሶላት ሲወጡ ዓይናቸው በአጥሩ ጥግ ወዳለችው የዶሮ ዳስ ሄደ። ከጭዱ ሥር የማጭድ ጫፍ ብቅ ብሏል። የገዛ ጎረቤታቸው! ሦስት ጁምዓ ሙሉ የለፈለፉት ለድንጋዩ ነው ለካ! ደማቸው ፈላ። የዳሱን መዝጊያ ሳንቃ ገፍተው እጃቸውን ከዶሮዋ ሥር ሰደዱ። እሷ ደግሞ እናት ናት፣ አውራ ጣታቸው ሥር ነቆረቻቸው። ያን ጊዜ የያዙትን ከዘራ በጋኑ ላይ አሳረፉት። ዶሮዋ እየጮኸች በአጥሩ ላይ በረረች፣ ሁለት እንቁላል ተሰበረ፣ ማጭዱ ገደል ተወረወረ። ሸሁ ሳንቃውን እንኳ ሳይመልሱ፣ ውዱኣቸውን አድሰው፣ ኢማም ሆነው አሰገዱ።

ሶላቱ ሳያልቅ ሰማዩ ተቀደደ። ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ ጎርፍ። ሸሁ የዶሮዋ ነገር ትዝ አላቸው። ተመልሳ ገብታ ይሆናል አሉ በሆዳቸው። ሄደው ግን አላዩም። ለዶሮ ብለው በዝናብ ሲሮጡ መታየቱን አልወደዱትማ!

መይሙና ስትመለስ ዶሮዋን ከቁጥቋጦ ሥር ረስርሳ፣ እንቁላሎቹን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው አገኘቻቸው። ብረቱም የለም። ዶሮዋን አድርቃ መለሰቻት። ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ፣ ሃያ አራተኛውም አለፈ። ሸሁ በእነዚያ ቀናት ጆሯቸውን አጥሩ ላይ ጥለው ሰነበቱ። ጫጩት ከጮኸ ጉዳዩ በዚያው ይቀራል፣ ማን ይጠይቃቸዋል? ጫጩት ግን አልጮኸም። መይሙና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ጫጩቶቹ ላባ አብቅለው፣ ምንቃር አውጥተው ሞተዋል።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። «አያችሁ? ብረቱ ቢወጣ መብረቁ ጨረሳቸው!» ተባለ። ኹጥባውን ሰምቶ ብረት የተወው ጥቂት ሰውም ተመልሶ ማጭድ ሲፈልግ ዋለ። ሸሁ በሦስት ኹጥባ ያፈረሱትን በአንድ ከዘራ መልሰው ገነቡት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ጁምዓ ተሰግዶ እንዳለቀ መይሙና የሞቱትን ጫጩቶች በሰፌድ ይዛ መስጊዱ ደጃፍ ቆመች። አንጀቷ አሯል። ብረቷን የወሰደው ሰው እጁ እንዲሰበር ሸሁ ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ጀመዓውም አሚን ይበልልኝ ብላ በሙአዚኑ በኩል ላከች። ጀመዓውም ተቆጥቶ ነበርና መዳፉን ዘረጋ። ሸሁም ዘረጉ። ሲዘረጉ አውራ ጣታቸው ሥር ዶሮዋ የነቆረችበትን ቁስል አዩት። ገና አልሻረም።

የአላህ ቀደር ነው፣ እሱ የወሰነው ነው፣ ሰብር አድርጊ ብለው ሊሸኟት ይችሉ ነበር። ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ በዕድሜያቸው ሙሉ ተቆጥተው የማያውቁትን ቁጣ በራሳቸው ላይ ተቆጡ። የራሴን ከዘራ በአላህ ላይ ላሳብብ? አሉ በልባቸው። እጃቸውን አወረዱ።

«አሚን እንዳትሉ» አሉ። «ብረቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጫጩቶቹን የገደላቸው መብረቅ አይደለም፣ ብረት ማጣትም አይደለም። በቁጣ ዶሮዋን አባርሬ ሳንቃውን ክፍት ትቼ ሄድኩ፣ ብርዱ ገደላቸው።»

ጀመዓው የዘረጋውን መዳፍ አወረደ። መይሙና ግን ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

«ብረቱ ሽርክ ነው፣ እሺ» አለች ከደጃፉ። «ዶሮዋስ ምን አጠፋች? ከሥሯ ብረት መኖሩን ታውቃለች? ሦስት ጁምዓ ሲቆጡን ከረሙ። አንድ ቀን ገብተው መይሙና ለምን አስቀመጥሽው ብለው ጠይቀውኛል? ፈርቼ ነበር፣ ሸህ ሚስባህ። የቀረኝ ይኼው ስለነበረ ፈርቼ ነበር።»

ሸሁ አንገታቸውን ደፉ። ነቢያችን ሰለሏሁ ዐለይሂ ወሰለም ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን ወፍ ጭንቀት አይተው ልጆቿን መልሱላት ማለታቸውን ስንት ጊዜ አስተምረውታል! ሐቅሽ በእኔ ላይ ነው፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት። ጫጩት ሲጮህ እስክሰማ አፉ አልልም አለች። ከራሳቸው እንቁላል፣ በራሳቸው ዶሮ፣ ያለ ብረት አሳቅፈው፣ ደጁን ራሳቸው እንዲጠብቁ ጠየቀች። አንዳንዱ ለኢማም እንዲህ ይባላል ወይ ብሎ አጉረመረመ። ሸሁ እሷን ተዋት፣ ሐቋ ነው አሉ።

ከዶሮዎቻቸው አንዷ ቀይ መታቀፍ ጀምራ ነበርና አሥራ ሦስት እንቁላል አሳቀፏት። በርጩማ አምጥተው ከሶላት በቀር ከዳሱ ደጃፍ አልነሳ አሉ። ከተማው ሁሉ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ ነጎድጓድ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሰማዩ ሲጠቁር ሸሁ ከዙህር ሶላት ተመለሱ። ከቀይዋ ሥር ምስማር ተሰክቷል። መይሙና ጥግ ላይ ቆማ ሰማዩን ታያለች። ያው ደም ሽቅብ ወጣ። ሸሁ ግን የተቆጣ የቆመ እንደሆነ ይቀመጥ የሚለውን ሐዲስ አስታውሰው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ፈራሽ?» አሏት።

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ነይ፣ አብረን እንቀመጥ።»

ቀይዋ እህል ልትለቅም ከጎጆዋ እስክትነሳ ጠበቁ። ስትነሳ ምስማሩን ያወጣችው መይሙና ራሷ ናት፣ ማንም ሳያዛት። ቀይዋ ተመልሳ ታቀፈች፣ ሸሁ ሳንቃውን ገጠሙ፣ ነጎድጓዱም እንደልቡ ጮኸ። በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ አንድ ጫጩት ወጣ። ሸሁ ጫጩቶቹን ከነእናታቸው፣ ቀዩን አውራ ዶሯቸውንም ጨምረው ሰጧት። «አፉ ብያለሁ» አለች መይሙና። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ከዶሮ ሥር ብረት ተፈልጎ አልተገኘም።

ሸሁ በኋላ ስለዚህ ሲጠየቁ የሚመልሱት አንድ ነገር ነበር፦ «ሐቅ ይዞ የገባ እጅም እንቁላል ይሰብራል።»

ወገኖቼ፣ ሸሁ ስለ ብረቱ አልተሳሳቱም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እኛ ልክ ከሆንን የምንረግጠው አይታየንም። ልጅን ስለ ሶላት እንቆጣለን፣ ሚስትን ስለ ዲን እንቆጣለን፣ ለምን ፈራሽ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ዛሬ ስትገቡ ቤታችሁን እዩት፣ ሳንቃውን ክፍት ትታችሁ የሄዳችሁበት እንቁላል አይጠፋም። ማን አቀዘቀዘው ስትባሉም ቀደር ነው አትበሉ።