የፊታውራሪው ብጉር

ፊታውራሪ ድልነሳሁ ሠርጋቸው ሲቃረብ ፊታቸው በብጉር ተወረረ። ቅባት በማዘጋጀት የምትታወቅ አንዲት ሴት ተጠርታ መጣች። ከፊታቸው የተዘረጋውን ገበታ አየት አደረገችና፣ «ጌታዬ፣ ጮማውና ጠጁ ካልቀነሰ ቅባት ብቻውን አይረዳዎትም» አለቻቸው።

ፊታውራሪው ተቆጡ። «የጠራሁሽ ፊቴን እንድታክሚ እንጂ ገበታዬን እንድታነሺ አይደለም። ምግቤን ሳትነኪ የሚያድነኝን ቅባት አሁኑኑ አምጪ፤ አለዚያ ትገረፊያለሽ።»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ጅራፍ ይዞ የቆመውን አሽከር ተመለከተች። ከዚያም ከቅርጫቷ አንድ ወፍራም ቅባት አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ይኸው ጌታዬ፤ ጧት ማታ ይቀቡት።»

«የቱን ልቀባው? ግንባሬን ነው ጉንጬን?»

«ከንፈርዎን ነው። ሲደርቅ ግጥም አድርጎ ያጣብቃል፤ ያን ጊዜ ጮማም አይገባ፣ ስድብም አይወጣ።»