የአባቴ ቀስትና የሚስቴ ሰባት ቤት

በእኛ ቆላ ሰው ነገር አዘግይቶ ሲሳቅበት ሽማግሌዎች የሚያጽናኑባት አንዲት አባባል አለች። ወጣቶቹ ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስላቸዋል። ባለፈው ለሽምግልና ተቀምጠን ፍርድ ለመስጠት ብዘገይ ሰዉ ሳቀብኝ፤ አንድ ጎረምሳም ሊያጽናናኝ «አባቶች ሲተርቱ» ብሎ እሷኑ ተረተልኝ። አልነገርሁትም እንጂ መጀመሪያ የተተረተችው በእኔ ነው።

ያን ጊዜ ማሽላችንን ከዝንጀሮ የምንጠብቀው በቀስት ነበር። እኔ ስንሻው የአባቴን ቀስት ወርሼ የሚሮጥ ዝንጀሮ አልስትም ነበር። ሰው ቆሞ እያየኝ ለዒላማ ቅል ከተሰቀለልኝ ግን እጄ የእኔ መሆኑን ይተዋል። ዓይኔ ቅሉ ላይ ሳይደርስ ጣቴ አውታሩን ለቆት ይገኛል። በአንዱ የመስቀል በዓል የዒላማ ውድድር ላይ ፍላጻዬ ቅሉን ትታ የድግሱን የጠላ ጋን ሰነጠቀችው። ሰዉ ሽክናውን ይዞ ወደ ስንጥቁ ሮጠ። የዚያን ቀን በእኔ ተኩስ የረካ ቢኖር ጠጪው ብቻ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢያድግልኝ ግን አልሳቀም።

«ስማ ስንሻው፣ ይህ ቀስት የወንድሜ ነው። በመጪው መስቀል ደግሞ ካዋረድኸው ለይስማው እሰጠዋለሁ» አለኝ።

ይስማው ጎረቤታችን ነው። ዒላማ አይስትም፤ አለመሳቱንም ለሰው ሳይነግር አይውልም። እኔ ደግሞ ከአባቴ የቀረኝ ያ ቀስት ብቻ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ሚስቴ አትጠገብ «የጎደለህ ዓይን አይደለም፣ ትዕግሥት ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እሷ ማሽላ እየወቀጠች እኔን ከጎተራው ፊት ታቆመኛለች።

«ወጥረው። አሁን የእኔን ሰባት ቤት ቁጠርና ሳትለቅ አውርደው።»

«የራሴን ብቆጥርስ?»

«የራስህንማ ታውቀዋለህ፤ ትሮጥበታለህ።»

ክንዴ እየተንቀጠቀጠ የሚስቴን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እጠራለሁ። አንዱን ከዘለልሁ እንደ ገና ከአባቷ ታስጀምረኛለች። ስንጋባ እንኳ እንዲህ አልተቆጠረም። ጣቴ ግን ቀስ በቀስ ልብ ገዛ፤ ሳልፈቅድለት መልቀቁን ተወ።

መስቀል ደረሰ። ቅሉ በሜዳው ዳር፣ ከአንድ ቋጥኝ አጠገብ ካለ ግራር ላይ ተሰቀለ። ዳኛው አያ ቢያድግልኝ ነው። ከቋጥኙ ጀርባ ተከልሎ ይቆይና ፍላጻው ካለፈ በኋላ ወጥቶ «መታ» ወይም «ሳተ» ብሎ ይጮሃል። ይስማው መታ። የእኔ ስም ሲጠራ ሴቶቹ ጋኑን ተሸክመው ሸሹ።

ወጠርሁ። የአትጠገብን አባት ጠራሁ፣ አያቷን ጠራሁ።

«ልቀቀው እንጂ!» አለ አንዱ።

«ተዉት፣ ቀስቱ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል!» አለ ይስማው።

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። እኔንም ሳቅ ሳቅ አለኝ፤ ዱሮ መያዝ አቅቶኝ፣ አሁን ደግሞ መልቀቅ ሊያቅተኝ ነው። ስድስተኛው አያት ላይ ስደርስ ስሙ ጠፋኝ። እንደ ገና ከአባቷ ልጀምር ስል ከቋጥኙ ጀርባ ነጭ ጋቢ ብቅ አለ።

አያ ቢያድግልኝ ነው። «የስንሻው ፍላጻ እስካሁን አትቆይም፤ ሰዉም ስቋል፤ እንደ ልማዷ ስታለች» ብሎ ሊፈልጋት መውጣቱ ነበር። ሄዶ ልክ ከቅሉ ሥር ቆመ። ፍላጻዬ ደረቱን ፊት ለፊት ታየዋለች።

ሳቁ ተቆረጠ። ጣቴ አልከዳኝም። አውታሩን ቀስ አድርጌ መለስሁና ቀስቱን መሬት አስቀመጥሁ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥሁ፤ መቆም አቅቶኝ ነው እንጂ ጨዋነት ይዞኝ አይደለም።

አጎቴ ጋቢውን እየሰበሰበ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

«አልለቀቅህም?»

«አልለቀቅሁም አያ። የአትጠገብ ስድስተኛ አያት ጠፍቶብኝ ነው።»

«ቢሆንስ ቅሉን መቼ መታ?» አለ ይስማው። «ሰው ሁሉ ስቆበታል፤ ቀስቱ ለእኔ ነው የሚገባው!»

አያ ቢያድግልኝ የወንድሙን ቀስት ከመሬት አነሳ፤ አቧራውን በጋቢው ጠርጎ እንደ ሕፃን አስታቀፈኝ። ከዚያ ወደ ይስማው ዞረና፣

«ዝም በል አንተ፤ ለቆ ካለቀሰ፣ ይዞ ያሳቀ ይሻላል» አለው።