ድምፁ የተዘጋው መምህር

አንድ ይኄይስ የሚባል መምህር በሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ቋንቋ ያስተምር ነበር። አንደበቱ ያማረ ነው። እሱ ሲናገር ልጆቹ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆነው ይሰሙታል። እሱም ጸጥታቸውን እያየ “ገብቷቸዋል” ብሎ ደስ ይለዋል።

ከልጆቹ መካከል ውዳላት የምትባል ነበረች። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም። አንድ ቀን አባቷ መጡ።

“መምህር፣ ልጄ ስትመላለስ ከረመች። አንድ ነገር ተናገረች ሲባል ግን አልሰማሁም። ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቤት ውላ እናቷን ትርዳ።”

መምህሩ ሊያግባባቸው ብዙ ተናገረ።

“እርስዎማ ይናገራሉ” አሉ አባትየው፤ “የቸገረን የእሷ ዝምታ ነው።”

በማግስቱ መምህሩን ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ጨርሶ ተዘጋ። ክፍል ገብቶ ከንፈሩን ቢያንቀሳቅስ ምንም አልወጣም። ግራ ቢገባው በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ጠቆመ። ውኃው በጉም ተሸፍኗል፤ ታንኳዎቹ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ጠመኔውን ይዞ፣ ያዩትን እንዲነግሩት ጠበቀ።

ዝምታው ረዘመ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ “ጉም ነው” አለ። መምህሩ ጻፈው። “ጉሙ ተኝቷል” አለች ሌላዋ። ይህንንም ጻፈው። ያኔ ከኋላ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ የውዳላት ነበር።

“አልተኛም። ሐይቁን በርዶት፣ እያለበሰው ነው።”

“ሐይቅ ይበርደዋል እንዴ?” ብሎ አንዱ ሳቀ። ውዳላት አቀረቀረች። መምህሩ ግን ቃሏን በትልልቅ ፊደል ጻፈው፤ ዞሮም በእጁ “ቀጥይ” አላት።

“ይበርደዋል” አለች ቀና ብላ። “ጠዋት እጄን ስነክርበት ይንቀጠቀጣል።”

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! አንዱ ታንኳዎቹ ሰማይ ላይ እየቀዘፉ ነው አለ። ሌላዋ ዓሦቹ ጉሙን ደመና መስሏቸው ዝናብ እየጠበቁ ነው አለች። ውዳላትም ደጋግማ ተናገረች።

አባቷ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። “ይቺ የኔዋ ናት?” አሉ በሹክሹክታ። መምህሩ በፈገግታ ብቻ መለሰላቸው።

“እንግዲያስ ትቆይ” ብለው ብቻቸውን ተመለሱ።

መምህሩ ድምፁ ከተመለሰለት በኋላም፣ ጠይቆ ዝም ብሎ መጠበቅን አልተወም።

ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ያልገባው አይደለም፤ ጸጥ ያለ ክፍልም ሁሉ የተማረ አይደለም። ቋንቋ በጆሮ ይገባል፤ የራስ የሚሆነው ግን ሲናገሩት ነው። እናንተስ፣ ልጅ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ትታገሡታላችሁ ወይስ ቀድማችሁ ትናገሩለታላችሁ?