የልጉም በር ጥሬ ቆዳ

ከደጋው ወደ ቆላው የሚያወርደው መንገድ አፋፉ ላይ ሲደርስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ በር አለ፤ ልጉም በር ይሉታል። በበሩ ራስ ላይ ጀርባዋን ለነፋስ፣ ፊቷን ለፀሐይ የሰጠች ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። በዚያ አገር ደም የተቃቡ ሰዎች የሚታረቁት እሷ ዘንድ ነው፤ ከመታረቃቸውም በፊት የጠመንጃቸው ምላጭ በጥሬ ቆዳ ይሰፋል። ዛሬ ክላሽ የያዘውም ቢሆን ያው ነው። ለምን እንደሆነ የአገሩ ሽማግሌዎች እንዲህ ያወሩታል።

ድሮ ነው፣ ጠመንጃ በባልጩት እሳት ይተኮስ በነበረበት ዘመን። ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች አሉ። ባሏ ተድላ በግጦሽ ድንበር ከሰጥአርጌ ጋር ተጣላና እዚያው አፋፍ ላይ ተገናኙ። ቀድሞ የሳበው ተድላ ነበር ይባላል፤ ምን ያደርጋል፣ ካፊያ ነበርና ባሩዱ ረጥቦ ባልጩቱ ቀጭ ብሎ ቀረ። የሰጥአርጌ ግን ጮኸ። ደብሪቱ ከዚያ ወዲህ ከሏን ሳታወልቅ፣ ያንን ጠመንጃ ምሰሶው ላይ ሰቅላ አንድ ልጇን ገላውን አሳደገች። እሱን ብቻ መስሏችኋል? ቂሟንም አብራ ነው ያሳደገችው።

ገላው ጢሙ ብቅ ካለ ወዲያ፣ ገበያ በወጣ ቁጥር እኩዮቹ «የተድላ ጠመንጃ ምን ሆነች? ጌሾ መውቀጫ አደረጋችኋት ወይ?» እያሉ ያበግኑት ጀመር። እንግዲህ በአባቱ ሙት ዓመት ቀን፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ በወረደበት ማለዳ፣ ሰጥአርጌ ከቆላ በበሩ በኩል እንደሚመለስ ወሬ መጣለት።

«እማ፣ ዛሬ ነው» አላት፣ ጠመንጃውን ከምሰሶው እያወረደ።

«በዚህ ካፊያ? የአባትህን ረሳኸው? ቆይ፣ ልብስ ልስፋላት።»

የለፋ ቆዳ በቤቱ አልነበረም። የነበረው ለሙት ዓመቱ ያን ማለዳ የታረደው ፍየል ቆዳ ነው።

«ይሄ እኮ ገና ደሙ አልደረቀም!»

«ታዲያ ሠርግ ልትሄድ ነው? ውሃ እንዳያስገባ ነው እንጂ!» አለችው።

ባልጩቱንና ባሩዱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በቆዳው አልብሳ፣ በወስፌ እየበሳች፣ ከዚያው ቆዳ በቀደደችው ጠፍር እያጠበቀች ሰፋችው። ሳብ ሲያደርጉት ወደ ኋላ ሸርተት ይላል። በእጇ ሞክራ፣ «ሂድ» አለችው።

ከሄደ ከሰዓታት በኋላ፣ የተረፈውን ቆዳ ልትወጥር ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ችካል የምትቀርጽበትን ቢላ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ጉሙ ተገፎ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማለዳ ስትሰፋ ድንጋይ ላይ የጣለቻትን የቆዳ ቅዳጅ ብታያት ተኮማትራ ጣት አክላለች። አንስታ ብታጥፋት እንቢ አለች፤ አጥንት ሆናለች።

«ወይኔ ልጄን! ለምን ለፍቶ ይለበሳል ቆዳ፣ ለምን? እንዳይጨመድድ አይደለም ወይ?» ብላ ጮኸች። ለካ የልጇን ጠመንጃ በገዛ እጇ አስራ ነው የላከችው።

ወደ ልጉም በር የሚያወጣውን ዳገት እንዴት እንደወጣችው የሚያውቅ የለም። እግዜር ወፍ አድርጎ አወጣት የሚሉ አሉ።

ስትደርስ ገላው የጠመንጃውን ልብስ በጥርሱ ነክሶ ይጎትታል፤ ከድዱ ደም ይወርዳል፤ ቆዳው ግን ባልጩቱን ጨምድዶ ይዞ ንቅንቅ አላለም። ፊት ለፊቱ ሰጥአርጌ ጠመንጃውን ደግኖ ቆሟል። ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። አይተኩስም።

«እሜቴ፣ ይህን ማን ሰፋው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ።»

ሰጥአርጌ ፀሐዩን ቀና ብሎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ ይባላል። «አባቱን ዝናብ ዘጋበት፤ ልጁን ደግሞ ፀሐይ ዘጋበት። ሁለቴም ፊታቸው የቆምኩት እኔው ነኝ። ጀግና ሆኜ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥይታቸውን የሚመልስልኝ ሰማይ ነው። እሜቴ፣ ፈራሁ።» ጠመንጃውን እግሯ ሥር አኖረው። «የእኔንም ለጉሚልኝ።»

«እማ፣ ቢላውን አቀብዪኝ!» አለ ገላው።

ደብሪቱ ቢላውን አየች፤ የልጇን ደም ያዘለ አፍ አየች፤ ያንን ባሏን የገደለ ጠመንጃም አየች። ቢላውን ለልጇ ሳትሰጥ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አጋደመችው። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ረስታው ከመጣችው እርጥብ ቆዳ ቀደደችና፣ ወስፌዋን ከመቀነቷ መዝዛ፣ የሰጥአርጌን ጠመንጃ እንደ ልጇ ጠመንጃ አድርጋ ሰፋችው። ሁለቱንም ድንጋዩ ላይ ለፀሐይ አስደግፋ፣ «ተቀመጡ። እስኪደርቅ ድረስ አንዳችሁም አፋችሁን እንዳትከፍቱ» አለቻቸው።

ተቀመጡ። ቆዳው ደርቆ በጥፍሯ ብትመታው እንደ ከበሮ ጧ አለ። ያኔ ወደ ሰጥአርጌ ዞረች።

«አሁን ተናገር። ባሌ ሲወድቅ ምን አለ?»

የነገራትን እሷና ልጇ ብቻ ሰሙት፤ ለሌላ ሰው አልወጣም። የሚታወቀው ከሏን እዚያችው ድንጋይ ላይ አውልቃ ትታ፣ በቀሚሷ ብቻ መውረዷ ነው።

እስከ ዛሬም በልጉም በር የሁለቱንም ወገን ጠመንጃ የምትሰፋው የሟቹ እናት ወይም ሚስት ናት። ቆዳው ጧ እስኪል ሽማግሌ እንኳ አይናገርም፤ ሲልም የመጀመሪያው ጥያቄ የእሷ ነው። ገዳዩ እየመለሰላት ሳለ ቢላው ጭኗ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ አስቀምጪው የሚላት የለም።