የአናጢው ሆድ

አንድ አናጢ ነበረ። በጉብዝናው ዘመን አረቄ ይወድ ነበር፤ ሴት ልጁ ስትወለድ ግን እርም ብሎ ተወው። ልጅቱ አድጋ ሥራ ከያዘች በኋላ የሰውየው ሆድ ያብጥ፣ ሰውነቱ ይመነምን ጀመር። ሲተኛ ላብ ያጠምቀዋል፤ ምግብ አስጠላው። ጎረቤቱ ሁሉ «ያ አረቄ ነው፤ ጉበቱን ጨርሶታል» አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሱም ማመኑ ነበር። መጋዙን ሰቀለና ሞቱን ይጠብቅ ጀመር።

ልጁ ግን እያለቀሰች ለምና ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ሆዱን በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ውሃ ቋጥሯል። ጥቂት በመርፌ ቀድተን እንመርምረው» አለችው።

«ተይው ዶክተር፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የእጄን ነው ያገኘሁት።»

«እርስዎ የሚያውቁት የጠጡትን ነው» አለችው። «ጉበትም፣ ልብም፣ ካንሰርም፣ ቲቢም ሆድን እንዲህ ይነፋሉ። ውሃውን ሳልመረምር እኔም አላውቅም።»

አናጢው የልጁን ፊት አየ። ከዚያ ሸሚዙን ገልቦ በጀርባው ተኛ።

ገለባ የመሰለ ቢጫ ውሃ ወጣ። ከክንዱም ደም ተቀዳ። ላቦራቶሪ ውስጥ የደሙንና የውሃውን ፕሮቲን አነጻጸሩ፤ ጥፋቱ የጉበት ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ በሆነ ነበር፤ የእሱ ግን ተቀራራቢ ሆነ። ውሃውን የበለጠ ሲመረምሩት የቲቢ ተሕዋስ ተገኘበት።

«የሆድ ቲቢ ነው» አለችው ሐኪሟ። «መድኃኒት አለው። ሳያቋርጡ ከዋጡ ይድናሉ።»

ሰውየው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ በራሱ ላይ ፈርዶ መክረሙ ቆጨው። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያስታጉል ዋጠ፤ ሆዱ ሟሸሸ፣ ጉልበቱ ተመለሰ፤ ክረምቱ ሲወጣ የሰው ቤት ጣራ ላይ ወጥቶ ሚስማር ሲመታ ታየ።

አንተም ወንድሜ፣ «ልጄ ትምህርቱን ትቶ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል፤ ስንፍና ነውና ከቤት ላባርረው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የተዘጋው በር እንደዚያ ያበጠ ሆድ ነው። ስንፍና ሊሆን ይችላል። ፍርሃት፣ ሐዘን ወይም ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ ከደጅ ሆነህ ስታየው ሁሉም አንድ ነው። ዛሬውኑ ግባና አጠገቡ ተቀመጥ። ጠይቀው፤ የሚልህንም እስከ መጨረሻው ስማው። ማን ያውቃል፣ የሚድን ነገር ይሆናል።